በአንድ የቍልፍ ሰሌዳ ብዙ ቋንቋ ስለ መጻፍ

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ተማሪ በኮምፒዩተር ክፍላችን ዘወትር የሚሰማውን «ይህ ኮምፒዩተር አማርኛ አይጽፍም» የሚለውን አቤቱታ ዳግመኛ አያሰማም። በዛሬው ጊዜ በጠረጴዛ ላይ የምናገኘው ኮምፒዩተር አማርኛም፥ ትግርኛም፥ ዐረብኛም ይጽፋል፤ ነገር ግን እንዲጽፍ ሊታዘዝ ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትእዛዙ እንዴት እንደሚሰጥና፥ በተሰጠም ጊዜ በመሣሪያው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ለጓደኞቼ ማስረዳት ነው። በሥራ ቤታቸው ይኸው ችግር የሚያጋጥማቸው ወላጆችም ቢያነቡት ጥቅም ያገኙበታል ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በሰሌዳው ላይ «ኤስ» የሚል ምልክት የታተመበትን ቍልፍ ስንጫን፥ ሰሌዳው ወደ ኮምፒዩተሩ የሚልከው «ኤስ» የተባለውን ፊደል አይደለም። የሚልከው «በዚህ ረድፍ፥ በዚህ ቦታ ያለው ቍልፍ ተነካ» የሚል ትርጕም ያለው አንድ ቍጥር ነው። ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፥ ለምሳሌ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፥ ያንን ቍጥር ተቀብሎ አንድ ሠንጠረዥ ይመለከታል፤ በሠንጠረዡም ላይ ለዚያ ቍልፍ የተመደበውን ፊደል ያገኛል። ሠንጠረዡ ቢለወጥ ፊደሉም ይለወጣል። ስለዚህ በቍልፎቹ ራስ ላይ የታተመው ፊደል ለዓይናችን ማስታወሻ የተቀባ ቀለም ነው እንጂ ሌላ ሥልጣን የለውም። የፈረንሳዮቹን ሠንጠረዥ ብንመርጥ፥ «ኪው» የታተመበት ቍልፍ «ኤ»ን ይጽፋል፤ «ደብልዩ» የታተመበትም «ዜድ»ን ይጽፋል።

ቍልፎቹ በኤ፥ ቢ፥ ሲ ተራ አለመደርደራቸው ለብዙዎቻችን እንቈቅልሽ ነው። ይህን አደራደር ያወረሰን የአሜሪካዊው የክሪስቶፈር ሾልስ የጽሕፈት መኪና ሲሆን፥ ለገበያ የቀረበው በ1874 ዓ.ም. ነበር። ያ መኪና ለእንግሊዝኛ የታሰበ ነው። ጥቂት ከተሻሻለ በኋላ አደራደሩ እስከ ዛሬ ጸንቶ ስለ ኖረ፥ የግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው እንኳ ጣቶቹን የሚያሳርፈው በሾልስ ድርድር ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ችግር እንምጣ። ለእንግሊዝኛ ሃያ ስድስት ፊደል ይበቃል፤ ለአማርኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ ስላላቸው ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እንደ ሏ፥ ቋ፥ ጓ ያሉት ዲቃላዎች፥ ለባዕድ ቃል የተጨመረው ቨ፥ እንዲሁም ነጥቦቹና ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ሃያ አኀዞች አሉ። በተራ የአሜሪካን ሰሌዳ ላይ ምልክት የሚጽፉት ቍልፎች 47 ናቸው፤ «ሺፍት» የተባለውን ቍልፍ አብረን ብንጫን እንኳ ከ94 አይበልጡም። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍልፍ መስጠት ፈጽሞ አይቻልም።

ቀደም ባለው ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩና እርሳቸውን የመሰሉ ሰዎች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማበጀት ሲደክሙ ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። የተገኘው መላ ፊደሉን መቈራረጥ ነው። ግንዱ ለብቻው ይመታል፤ ቀጥሎ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ለብቻው ተመትቶ በግንዱ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ዓይነት ስንትና ስንት የመንግሥት ደብዳቤ ተጽፏል። በቤቱ የቆየ ደብዳቤ ያለው ተማሪ አውጥቶ ቢመለከት፥ አንዳንዱ ቅጥያ ከግንዱ ጋር አልገጥም ብሎ ጥቂት ራቅ ብሎ መቀመጡን ያያል።

ኮምፒዩተር ግን ከጽሕፈት መኪና የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጻፈውን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊለውጥ መቻሉ ነው። የአጻጻፍ ዘዴ የሚባለው ፕሮግራም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ይህ ፕሮግራም በሰሌዳውና በምንጽፍበት ገጽ መካከል እንደ አስተርጓሚ ቆሞ ይጠብቃል። ለምሳሌ «ሰላም» የሚለውን ቃል በድምፅ በሚጻፍበት ዘዴ እንጻፍ። በመጀመሪያ «ኤስ»ን ስንጫን ሳድሱ «ስ» በገጹ ላይ ይታያል። ቀጥሎ «ኢ» የተባለውን አናባቢ ስንጫን ፕሮግራሙ አዲስ ፊደል አይጨምርም፤ «ስ»ን ደምስሶ በቦታው «ሰ»ን ይተካል። «ኤል» ሲመታ «ል» ይመጣል፤ «ኤ» ሲከተለው «ላ» ይሆናል። በመጨረሻ «ኤም» ሲመታ «ም» ይሆንና ያለ አናባቢ ይቀራል። አምስት ጊዜ ተመትቶ ሦስት ፊደል ተጻፈ። በ«ዩ» ካዕቡ፥ በ«አይ» ሣልሱ፥ በ«ኤ» ራብዑ፥ በ«ኦ» ሳብዑ ይወጣል፤ ኃምሱ ግን እንደ ዘዴው ወይ በትልቁ «ኢ» ወይም «አይ» እና «ኢ»ን በማከታተል ይጻፋል።

በዚህ ዘዴ ሳድስ ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ነው። «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደላቱ ሳድስ ስለ ሆኑ አምስት ጊዜ ብቻ በመምታት ይጻፋል። አማርኛ ሳድስ የሚበዛበት ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ዘዴውን የሠሩት ሰዎች ይህን ማሰባቸው ብልኅነት ነው እላለሁ። ነገር ግን አንድ አስቸጋሪ ቦታ አለ። «ትእዛዝ» ብለን ስንጽፍ ከ«ት» በኋላ የሚመጣው የ«እ» አናባቢ ከ«ት» ጋር ይዋሐድና ያላሰብነውን ፊደል ያወጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ በብዙዎቹ ዘዴዎች በሁለቱ መካከል መለያ ምልክት ይገባል፤ የትኛው ቍልፍ እንደ ሆነ ከየዘዴው መመሪያ ይነበባል። ጀማሪዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለ ሆነ፥ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ከብዙ ብስጭት ያድናል።

ገጹ ላይ የታየው «ሰላም» በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ በምን መልክ ይቀመጣል? መልሱ ከላይ እንደ ተባለው በቍጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንዳንድ ቍጥር የሚመድበው መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። የእኛ ፊደል ወደዚህ መዝገብ የገባው ሦስተኛው እትም በወጣበት በ1999 ዓ.ም. ነው። በመዝገቡ የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» 65 ሲሆን፥ «ሀ» 4608 ነው። «ሁ» 4609፥ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥልና «ሆ» 4614 ይሆናል። «ለ» ደግሞ ከ4616 ይጀምራል፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። በ«ለ» ቤት ስምንተኛው ቦታ የ«ሏ» ሲሆን ቍጥሩ 4623 ነው። እነሆ፥ በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በዜማ የሚቈጥሩት የሀሁ ተራ በዓለም ሁሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ እንዳለ ገብቷል። ከዚያም ወዲህ መዝገቡ እየሰፋ ሄዶ በ2005 እና በ2021 ዓ.ም. ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረውበታል።

ከዩኒኮድ በፊት ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪ በገዛ መንገዱ ይሄድ ነበር። የአማርኛውን ፊደል ሥዕል በእንግሊዝኛው ፊደል ቍጥር ላይ ይለጥፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን የጻፈው እንግሊዝኛ ይመስለዋል። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ የታወቁ ነበሩ፤ በዘመናቸውም ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። ችግሩ የሚመጣው በዚያ ዘመን በአንዱ ፎንት የተጻፈው ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ነው። ያን ጊዜ የሚታየው አማርኛ ሳይሆን የላቲን ፊደላትና የልዩ ልዩ ምልክቶች ክምር ነው። በዚህ መጽሔት ማኅደር ውስጥ እንኳ እንዲህ ያሉ ገጾች አሉ። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የደከሙባቸው ግጥሞችና ታሪኮች ናቸው፤ ተገቢው የመለወጫ ፕሮግራም ካልተገኘላቸው በቀር ማንም አያነባቸውም። ወረቀቱ ቢገኝ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን በእጅ ላይ እያለ ዲዳ ሆኗል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ፎንት የፊደሉ መልክ ነው፤ የአጻጻፍ ዘዴ ደግሞ ፊደሉ የሚገባበት በር ነው። በገጹ ላይ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ቢታይ የጐደለው ፎንት እንጂ ዘዴው አይደለም፤ ጽሑፉም አልጠፋም። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉት ነፃ ፎንቶች ሲጫኑ ሣጥኖቹ ፊደል ይሆናሉ። ቍልፉን ስንመታ እንግሊዝኛ ብቻ የሚወጣ እንደ ሆነ ግን የጐደለው ዘዴው ነው።

በዊንዶውስ 11 ላይ አማርኛን ለመጨመር «ሴቲንግስ» ይከፈትና «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» በሚለው ውስጥ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ይመረጣል። ከዚያ «አድ ኤ ላንጉዌጅ» የሚለውን ተጭነን ከዝርዝሩ አማርኛን እንፈልጋለን። ሲጫን ኮምፒዩተሩ የራሱን መልእክት ሁሉ በአዲሱ ቋንቋ ያሳይ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ምልክት ቢመጣ፥ ያን ያልፈለገ ሰው ምልክቱን ማንሣት ይችላል፤ ለመጻፍ አስፈላጊ አይደለምና። ከዚህ በኋላ በሰዓቱ አጠገብ የቋንቋው ምሕጻረ ቃል ይታያል። የዊንዶውስን ቍልፍ ይዘን ረጅሙን የስፔስ ቍልፍ ስንመታ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እንሻገራለን። በአንድ መስኮት አማርኛ በሌላው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው፥ ለምሳሌ ተርጓሚ፥ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ቋንቋ እንዲያዝለት በሰሌዳው ሴቲንግስ ውስጥ ማዘዝ ይችላል፤ እጅግ የሚያሳርፍ ነገር ነው።

ኡቡንቱን በመሰሉት የሊኑክስ ዓይነቶችም ሥራው ከዚህ ብዙ አይለይም። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኪቦርድ» በሚለው ሥር የግብዓት ምንጮች ዝርዝር አለ፤ አማርኛ የሚጨመረው እዚያ ላይ ነው። «አይባስ ኤም 17 ኤን» የተባለው ጥቅል ከተጫነ «ሴራ» የሚል ስም ያለበት አማርኛ በዝርዝሩ ይገኛል። ሴራ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ለመወከል በ1990ዎቹ የተዘጋጀ ሥርዓት ስም ነው እንጂ ሰው የሚፈራው ሴራ አይደለም። ሦስተኛው መንገድ ኪማን የተባለው ፕሮግራም ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ወስዶት ዛሬ ያለ ዋጋ ይታደላል። በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ስለሚሠራ፥ በቤት አንድ ዓይነት በትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር ለሚያጋጥመው ተማሪ የምመርጥለት ይህን ነው። የየዘዴው ሕግ በጥቃቅን ነገር ይለያያልና አንዱን መርጦ መልመድ ይሻላል። በቍልፎቹ ላይ የአማርኛ ፊደል የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት የሚገዙ አሉ፤ በድምፅ ለሚጽፍ ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ለፊደል ወዳጆች ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የሚከተለውን ይመልከት። በኪማን የአማርኛ ሰሌዳ «ሰ» የሚጻፈው «ኤስ»ን አንድ ጊዜ፥ «ሠ» ደግሞ ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። «ሐ» በትልቁ «ኤች» ይወጣል። እኛ በንግግር «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ» አንለይም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥሮች ናቸውና ፈጽሞ አያዛምዳቸውም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፥ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፥ በድምፅ አንድ የሆነው ቃል በኮምፒዩተር ዐሥራ ሁለት ቃል ነው። በስምም ላይ እንዲሁ ነው። ልጁ ዓለሙ፥ አባቱ ኃይሉ ቢባሉ፥ የልጁ ስም አራት፥ የአባቱ ስም ስድስት አጻጻፍ ስላለው የሁለቱ ስም በ24 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። መዝጋቢው በአንዱ ጽፎ ሌላ ሰው በሌላው ቢፈልገው፥ ጥሩ ሆኖ ያልተሠራ ፕሮግራም «እንዲህ ያለ ተማሪ የለም» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የስሙን ፊደል ለይቶ ማወቅና በየመዝገቡ አንድ ዓይነት አድርጎ ማስጻፍ ይገባዋል።

ነጥቦቹም እንደዚሁ ናቸው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመደርደር ነው። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ቍጥር 58 ሲሆን የእኛ አራት ነጥብ 4962 ነው። ሐሰተኛው አራት ነጥብ በመሥመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች ሊቀር ይችላል። ዘዴው አማርኛ ላይ እንዳለ የሁለት ነጥቡ ቍልፍ ሁለት ጊዜ ቢመታ እውነተኛው ይወጣል፤ ድካሙ እኩል ነው።

በክፍላችን የምንናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ትግርኛ እንደ «ቐ» ያሉ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ፊደላት ስላሉት የራሱ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ በኪማን ውስጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተብለው ሁለት ተዘጋጅተውለታል። አፋን ኦሮሞ በ1991 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል ስለ መረጠ የተለየ ሰሌዳ አይሻም፤ በእንግሊዝኛው ይጻፋል። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም ቋንቋውን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚያስብ ቃሉን ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል፤ አንዳንዱንም ሳይጠይቅ ያርመዋል፤ ማለት ያበላሸዋል። ስለዚህ የጽሑፉ ቋንቋ ምን እንደ ሆነ መንገር ወይም ራሱን በራሱ የሚያርመውን ክፍል መዝጋት ነው።

ዐረብኛ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ፊደሎቹ ሃያ ስምንት ስለ ሆኑ በሰሌዳው ላይ ይበቃሉ፤ የሚዋሕድ ዘዴ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን አንዱ ፊደል በቃሉ መጀመሪያ፥ በመካከልና በመጨረሻ መልኩ ይለዋወጣል። ጸሐፊው የሚመታው ያንኑ አንድ ቍልፍ ነው፤ ተስማሚውን መልክ የሚመርጠው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ በመካከል የሚገባው ቍጥር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ጠቋሚውም በዚያ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚዘል ይመስላል። ቻይናዎች ደግሞ የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ይጽፉና፥ ኮምፒዩተሩ ያንን ድምፅ ያላቸውን ምልክቶች ደርድሮ ሲያቀርብላቸው የፈለጉትን በቍጥር ይመርጣሉ። የእኛ ዘዴ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ነገር ለመጫን ፈቃድ የሌለው ተማሪ በኢንተርኔት መመልከቻው ውስጥ የሚሠራውን የኪማን ገጽ ሊጠቀም ይችላል፤ እዚያ ጽፎ ገልብጦ ወደ ሰነዱ ያመጣዋል። ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ጽሑፍ የሚያቀርቡ ጓደኞቻችንም በዩኒኮድ ጽፈው ቢያቀርቡ አዘጋጆቹ እንደ ገና ከመተየብ ይድናሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ በነጥብ ስለሚሸፈን ሰሌዳው በአማርኛ ላይ መሆኑ አይታወቅም። ተማሪው ትክክለኛውን ቍልፍ እየመታ ኮምፒዩተሩ «ተሳስተሃል» ይለዋል፤ ደጋግሞ ሲሞክርም ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት በማእዘኑ ያለውን የቋንቋ ምልክት መመልከት፥ ከወንበሩ ሲነሡም ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መተው ለሚቀጥለው ተቀማጭ ይጠቅመዋል።